ድርጅቱ በታሪኩ ከፍተኛውን ትርፍ አገኘ፣ ለደመወዝ ግን "በጀት የለም"። ይህ እንዴት ይሆናል?

የማታ ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራበት ድርጅት ትልቅ ነው። ስሙን አልጠቅስም። በቅርቡ ሁላችንንም ሰብስበው የዓመቱን ውጤት አቀረቡልን። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ግራፍ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ድርጅቱ ከተቋቋመ እንዲህ ያለ ትርፍ አግኝቶ አያውቅም ተባለ፣ ተጨበጨበ። "ይህ የእናንተ ልፋት ውጤት ነው" ብለው አመሰገኑን። ከዚያ አንድ ባልደረባችን እጁን አውጥቶ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ በጣም አጭር ነበር። ዘንድሮ ለጭማሪ የተያዘ በጀት የለም፣ የምንከፍላችሁም ገበያው የሚከፍለውን ነው። በዚያው ተበተንን።

በዚያው ስብሰባ ላይ ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ካለፈው ዓመት እንደሚበልጥ ተነግሮን ነበር። ለእሱ በጀት አለ ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ትራንስፖርት ጨምሯል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሯል። ደመወዜ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፣ የሚገዛልኝ ነገር ግን ካምናው ያነሰ ነው። ስለዚህ እኔ ደመወዜ ባለበት ቆመ አልልም፣ ተቀንሷል ነው የምለው። ትርፍ ሰዓት ሠርቼ እንኳን ወር አይደርስልኝም። ድርጅቱ ከስሮ ቢሆን ኖሮ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር፣ ግን እያተረፈ ነው!

ጥያቄዬ ይህ ነው። "ገበያው የሚከፍለው ይህን ነው" የሚሉት ነገር እውነት ነው? የእኔን ደመወዝ በትክክል የሚወስነው ማን ነው? ዝም ብሎ ስግብግብነት ነው ወይስ እኔ የማላየው አሠራር አለ? የምታውቁ ሰዎች በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

---

የሒሳብ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔ የኖርኩት በፋይናንስ ክፍል በጀት ሳዘጋጅ ነው። "በጀት የለም" የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ላሳይሽ።

ብዙ ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ገቢው ይቆጠራል፣ ከዚያ ደመወዝና ሌላው ወጪ ይከፈላል፣ የተረፈው ትርፍ ይባላል ብሎ ነው። በሒሳብ መግለጫ ላይ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ነው። በጀት ሲሠራ ግን ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚጻፈው የትርፉ ቁጥር ነው። ቦርዱ ለባለአክሲዮኖች ቃል የገባው ቁጥር አለ፣ እሱ አይነካም። ከዚያ ወደ ወጪዎቹ ይወረዳል። የባንክ ብድር ወለድ አይነካም። ኪራዩ ውል አለው። ዕቃ አቅራቢው ዋጋውን ቆርጦ ልኳል። ቁጥሩ አልገጥም ሲል መቀነሻ የሚፈለገው ማንም ውል ያላሰረለት መስመር ላይ ነው፣ እሱም የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ኤክሴሉ ላይ ጭማሪ የሚለው ሣጥን ሰኞ 6 በመቶ ይላል፣ ረቡዕ 3 ይሆናል፣ ዓርብ ዜሮ ይገባበታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ልጎዳ ብሎ የተነሳ የለም። ሁሉም የሚሮጠው ያቺን የላይኛዋን ቁጥር ለማድረስ ነው።

ስለዚህ "በጀት የለም" ሲሉሽ ገንዘብ የለም ማለታቸው አይደለም። ገንዘቡ ቀድሞ ለሌላ ሰው ተመድቧል ማለት ነው።

ለማን? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንዱን ራስሽ ጠቅሰሽዋል፣ የትርፍ ድርሻ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኩባንያው ባገኘው ትርፍ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ይገዛል። የአክሲዮኑ ብዛት ሲቀንስ የቀሪው የእያንዳንዱ ድርሻ ከፍ ይላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይጨምራል። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ አዲስ ሰው አልተቀጠረም፣ ግን በወረቀት ላይ ኩባንያው አደገ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያዎች ይህን በስፋት ማድረግ ይፈሩ ነበር፣ ሆን ብላችሁ የአክሲዮን ዋጋ እያናራችሁ ነው ተብለው እንዳይከሰሱ። በ1982 የአክሲዮን ገበያውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እስከዚህ ድረስ ብትገዙ አትጠየቁም የሚል ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስንትና ስንት ቢሊዮን ዶላር በዚህ መንገድ ይወጣል።

ሥራ አስፈጻሚዎቹ ደግሞ ከክፍያቸው ትልቁን ክፍል የሚያገኙት በአክሲዮን ነው። ይህን ልብ በይ። አክሲዮኑ ሲወደድ የሚጠቀመው ሰው እና ትርፉ የት ይሂድ ብሎ የሚወስነው ሰው አንድ ነው።

ውጤቱን ማየት ከፈለግሽ፣ ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ የጥናት ተቋም በየጊዜው የሚያወጣው ስሌት አለ። በ1965 የትልልቆቹ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚ የተራ ሠራተኛውን 21 እጥፍ ያህል ነበር የሚከፈለው። በ2023 ወደ 290 እጥፍ ደርሷል። አንድ ሰው ከአባቱ ዘመን ሥራ አስኪያጅ 14 ጊዜ የሚበልጥ ሥራ እየሠራ ነው ብሎ ሊያሳምነኝ የሚችል የለም።

---

ትንሽ ቀጣሪ

የሒሳብ ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን ስለ ትልልቆቹ ነው። እኔ ጥቂት ሰዎች የምቀጥር ሰው ነኝ፣ እዚህ ስለ ደመወዝ ሲወራ ቀጣሪ ሁሉ በአንድ ስም ሲሰደብ ያመኛል።

የምሠራው ለትልቅ ኩባንያ ዕቃ በማቅረብ ነው። ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። በየዓመቱ "ቅናሽ ካላደረግህ ሌላ አለ" ይለኛል። ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ክፍያ የሚለቅልኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እኔ ግን ሠራተኞቼን ሦስት ወር ጠብቁ ልላቸው አልችልም፣ ስለዚህ ተበድሬ እከፍላለሁ፣ ወለዱ የእኔ ነው። አስቡት፣ እኔ ትንሹ ሰው ለዚያ ሀብታም ኩባንያ ያለ ወለድ እያበደርኩት ነው። ደመወዝ እጥፍ አድርግ ብትሉኝ በማግሥቱ በሬን እዘጋለሁ። የእኔ ሰዎች ደግሞ ይህን ያውቃሉ፣ ደብተሩን አሳያቸዋለሁ።

ስግብግብነት ካላችሁ ከላይ ያለው ወደ ታች ሲጫን ነው የምታገኙት። ራና ፕላዛን አስታውሱ። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ያ ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ዘጉ። ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው። የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ጥፋት ትልቅ ነው፣ እሱን አልከላከልም። ግን ልብሱ በሰዓቱ ካልተጫነ ትዕዛዙ እንደሚሰረዝ የሚያውቅ አምራች ሰው መሆኑን የሚረሳበት ሰዓት አለ። ዋጋውንና ቀኑን የቆረጠው ደግሞ ከባሕር ማዶ የተቀመጠ ብራንድ ነው። ከአደጋው በኋላ ነው ከ200 በላይ ብራንዶች በሕግ የሚያስጠይቅ የደኅንነት ስምምነት የፈረሙት። ያ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ።

---

የማታ ፈረቃ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሰው፣ "ቀድሞ ለሌላ ሰው ተመድቧል" ያልከው ነገር ሆዴን ነው የመታኝ። ትንሽ ቀጣሪ፣ አንተን አልወቅስም፣ ደብተሩን የሚያሳይ አለቃ ቢኖረኝ እኔም ዝም እል ነበር። ግን የገበያው ጥያቄ አልተመለሰልኝም። እውነት ገበያ ነው?

---

ዘወር በሉ

ይቅርታ ግን እዚህ የሚባለው ሁሉ ሰበብ ነው። ደመወዝ ማለት ችሎታ ነው። ደመወዝሽ ካነሰሽ ተማሪ፣ ሙያ ቀይሪ፣ ወይ ሥራ ልቀቂና የተሻለ የሚከፍል ፈልጊ። ማንም በግድ አላስቀመጠሽም። እኔ ከታች ተነስቼ እየተማርኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ ድርጅት ከፍቷል፣ ቢከስር የሚከስረው እሱ ነው፣ ሲያተርፍም የእሱ ነው።

---

ባልዲና መወልወያ

ወንድሜ ዘወር በሉ፣ ተምረህ መለወጥህ ያስመሰግንሃል። ግን እኔን አዳምጠኝ።

እኔ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ አጸዳለሁ። ድሮ ጽዳት የድርጅቱ ሠራተኛ ነበር። መታወቂያው ያው ነው፣ ሕክምናው ያው ነው፣ ለዓመት በዓል ለሌላው የተሰጠ ለጽዳትም ይሰጣል። አሁን እኛ የኤጀንሲ ነን። የማጸዳው ያንኑ ፎቅ ነው፣ ያንኑ ወለል ነው። ድርጅቱ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ድርሻውን ቆርጦ ለእኔ ይሰጠኛል። ጭማሪ ብዬ ድርጅቱን ስጠይቅ "አንቺ የእኛ አይደለሽም" ይሉኛል። ኤጀንሲውን ስጠይቅ "ድርጅቱ ካልጨመረልን ከየት እናምጣ" ይሉኛል። ሁለቱ በር እየተገፋፉ እኔ መሀል ቆሜ ቀርቻለሁ። ሲያተርፉ ስብሰባም አንጠራም፣ አዳራሹን ግን አስቀድሜ የማጸዳው እኔ ነኝ።

ተማሪ ትላለህ። እሺ፣ እኔ ልማር፣ ነገ ልውጣ። በማግሥቱ ሌላ ሴት በእኔ ቦታ በእኔው ደመወዝ ትገባለች። ሁላችንም ተምረን ብንወጣ ሽንት ቤቱን ማን ያጸዳዋል? ያለ እኛ አንድ ቀን ውሎ የማያድር ሥራ እንዴት ኑሮ የማያኖር ደመወዝ ይከፈልበታል? እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ሥራው አስፈላጊ ነው፣ ሰውየው አስፈላጊ አይደለም ይባላል።

ልቀቂ ያልከውም እንደ አፍ አይቀልም። የቤት ኪራይ ወር አይጠብቅም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ብጥል ልጆቼን ማን ያበላቸዋል? አለቆቹም ይህን በደንብ ያውቁታል።

---

የኢኮኖሚክስ አስተማሪ

ባልዲና መወልወያ የመጨረሻው ላይ ያልሽው ነገር የጥያቄው መልስ ነው። "አለቆቹም ይህን በደንብ ያውቁታል።" እኔ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚፈጅብኝን ነገር በአንድ መስመር ጨረስሽው።

ገበያ የሚባለው ነገር በንድፈ ሐሳቡ እንዲህ ነው። ብዙ ቀጣሪ አለ፣ ብዙ ሠራተኛ አለ፣ አንዱ ቀጣሪ ካሳነሰ ሠራተኛው ወዲያው ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ስለዚህ ማንም ከሚገባው በታች መክፈል አይችልም። እውነተኛው ሕይወት ግን እንደዚያ አይደለም። በአካባቢው የአንቺን ሙያ የሚፈልግ ቀጣሪ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሥራ መፈለግ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ልጅ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ሕመም አለ። ሠራተኛው በቀላሉ መሄድ እንደማይችል ቀጣሪው ሲያውቅ ደመወዙን ሠራተኛው ከሚያስገኘው በታች ማድረግ ይችላል። ጆአን ሮቢንሰን የተባለች እንግሊዛዊት ኢኮኖሚስት በ1933 ይህን ሞኖፕሶኒ በሚል ስም አስረድታዋለች። ሻጭ አንድ ሲሆን ዋጋ እንደሚያንር ሁሉ፣ ጉልበት ገዢው አንድ ሲሆን ደግሞ ደመወዝ ያወርዳል።

ይህ የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። በ1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በሰዓት ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አደረገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ አልጨመረችም። ዴቪድ ካርድ እና አላን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች ድንበሩን ተሻግረው በሁለቱም በኩል 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። ሁሉም የጠበቀው ኒው ጀርሲ ውስጥ ሰው ይባረራል ብሎ ነው። ቅጥር መቀነሱን የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ጥናቱ በ1994 ሲወጣ ብዙ ኢኮኖሚስት ተቆጣ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት አገኘ፣ ክሩገር በ2019 አርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል፣ ክርክሩም አላለቀም፣ ወለሉ የትም ያህል ቢሰቀል አይጎዳም የሚል ሰው ካለ ያጋነነ ነው። ነገር ግን "አንድ ሳንቲም ከጨመርን ሥራ ይጠፋል" የሚለው ማስፈራሪያ በራሱ እውነት ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ አልፏል።

ዘወር በሉ፣ ለአንተም አንድ ነገር። የመኪና አምራቹን ሔንሪ ፎርድን ታውቀዋለህ። በጥር 1914 የሠራተኛውን የቀን ክፍያ ከእጥፍ በላይ አድርጎ 5 ዶላር አደረሰው። ቸርነት ብቻ አልነበረም። በ1913 ሠራተኛው ፋብሪካው አላስቀምጥ እያለው ይወጣ ስለነበር ወደ 14,000 የሚሆን የሥራ ቦታ ለመሙላት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ደመወዙ ሲጨምር ሰው ረጋ፣ ምርቱም ትርፉም አደገ። ችሎታቸው በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆኖ ነው? አይደለም። ያው ሰው፣ ያው ማሽን፣ ሌላ ደመወዝ።

የታሪኩ ሌላ ጫፍ ደግሞ አለ። ፎርድ ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ከመክፈል ይልቅ ፋብሪካ ላስፋፋ፣ የመኪናውንም ዋጋ ልቀንስ ሲል የዶጅ ወንድማማቾች፣ ባለአክሲዮኖች ነበሩ፣ ከሰሱት። በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የንግድ ኩባንያ በዋናነት የሚቋቋመው ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ነው ብሎ ክፍያውን እንዲከፍል አዘዘው። የሒሳብ ሰው የነገረሽ ያ የማይነካ ቁጥር ሥሩ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል።

---

ዘወር በሉ

የፎርዱን አላውቅም ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ያለችው ደግሞ ልክ ነው፣ መልስ የለኝም። ግን አሁንም ገንዘቡን ያወጣው ባለቤቱ ነው። ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

---

የሒሳብ ሰው

ኪሳራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚባረረው ማን እንደሆነ አይተህ ታውቃለህ? ባለአክሲዮን ያወጣውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፣ እውነት ነው፣ ስለዚህ ድርሻ ይገባዋል። ማንም ትርፍ አይኑር አላለም። ግን ትልልቅ ኩባንያ ውስጥ ያለ ባለአክሲዮን ገንዘቡን በብዙ ቦታ በትኖ ነው የሚያስቀምጠው። ሠራተኛው ግን ያለው አንድ ጉልበት ነው፣ እሱንም አንድ ቦታ ነው የሚያውለው። አደጋውን እሱም ተሸክሟል፣ የተለየው ሲተርፍ አለመጠራቱ ነው።

ስለ ኑሮ ውድነቱም አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋ ሲንር "ደመወዝ ከጨመርን ዋጋ የባሰ ይወደዳል" ይሉናል። በ2023 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) አውሮፓን አይቶ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለመጣው የዋጋ ንረት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ድርሻ የያዘው የኩባንያዎች ትርፍ ማደግ ነው አለ። ይህን ያለው የሠራተኛ ማኅበር አይደለም፣ አይ.ኤም.ኤፍ ነው። ደመወዝ ከኋላ ነበር የሚከተለው።

---

የማኅበር ሰው

ልጄ የማታ ፈረቃ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ዕድሜዬን በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። እነዚህ ልጆች ምክንያቱን በደንብ ነግረውሻል። እኔ ደግሞ ምን ይደረግ የሚለውን ልንገርሽ።

ደመወዝ በድርድር ነው የሚወሰነው። የባንኩ ወለድ የማይነካው በውል ስለታሰረ ነው፣ የሒሳቡ ልጅ እንዳለሽ። ደመወዝ የሚነካው የሚያስረው ውል ስለሌለ ነው። የኅብረት ስምምነት፣ ሠራተኞች በማኅበራቸው በኩል ከቀጣሪው ጋር የሚፈራረሙት ውል፣ ሥራው ይኸው ነው፣ ደመወዝን ከማይነኩት መስመሮች አንዱ ማድረግ። ዴንማርክና ስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሠራተኛ በኅብረት ስምምነት የተሸፈነ ነው። ጀርመን በ1976 ባወጣችው ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ በተቆጣጣሪ ቦርዱ ውስጥ ግማሹን ወንበር ለሠራተኛ ተወካዮች ይሰጣል። ድምፅ እኩል ሲሆን የሚለየው ከባለአክሲዮኖች ወገን ያለው ሰብሳቢ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ እኩልነት አይደለም። ቢሆንም የትርፉ ቁጥር ሲጻፍ ሠራተኛው ክፍሉ ውስጥ አለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሜሪካን ደግሞ ተመልከቺ። በ1983 ከመቶ ሠራተኛ 20 ያህሉ የማኅበር አባል ነበር። በ2024 ከ10 በታች ወርዷል። የፌዴራሉ የደመወዝ ወለል ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሥራ አስፈጻሚዎቹ ወደ 290 እጥፍ ሲወጡ ሠራተኛው ብቻውን ነበር የሚደራደረው። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይገጣጠምም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያ ባልደረባችሁ በስብሰባ ላይ ብቻውን እጁን አወጣ። ጎበዝ ነው። ግን ብቻውን ነበር፣ ለዚያ ነው ያን የመሰለ አጭር መልስ የተሰጠው። ሁለተኛ ብቻችሁን አትጠይቁ። መጀመሪያ እርስ በርስ ደመወዛችሁን ተነጋገሩ። ሰው ደመወዙን መናገር ያፍራል፣ አለቃም "ምስጢር ነው" ይላል፣ ግን ምስጢሩ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ አስቢ። አንድ ሥራ እየሠራችሁ የተለያየ ክፍያ የምታገኙ ሰዎች እንዳላችሁ የምታዩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ዓመታዊ ሪፖርቱን አግኙ። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ከሆነ ሪፖርቱን ለሕዝብ ማውጣት ግዴታው ነው። የሠራተኛ ወጪ የሚለውን ፈልጉ፣ ከጠቅላላ ገቢው ስንት እጅ እንደሆነ አስሉ፣ ያለፉትንም ዓመታት እንደዚሁ አስሉና አስተያዩ። ገቢው እየጨመረ የእናንተ ድርሻ እየቀነሰ ከሆነ በእጃችሁ ማስረጃ አለ። "ኑሮ ከብዶናል" ስትያቸው ያዝኑልሻል፣ አይከፍሉሽም። የራሳቸውን ቁጥር ስታነቢላቸው ግን መልስ መስጠት አለባቸው።

ባልዲና መወልወያ ያለችውንም አትርሱ። ጥያቄ ስታቀርቡ የጽዳቱንና የጥበቃውን ሰው ጨምራችሁ አቅርቡ። እነሱን በኤጀንሲ ያራገፈ ድርጅት ነገ የእናንተንም ክፍል በኤጀንሲ ያደርገዋል፣ እኔ በሥራ ዘመኔ ሲሆን አይቻለሁ።

---

የማታ ፈረቃ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን አሁን ፈልጌ አገኘሁት፣ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል፣ እስከ ዛሬ ከፍቼው አላውቅም። የሒሳብ ሰው፣ ቁጥሮቹን ሳወጣ ግራ ከገባኝ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። እርስ በርስ መነጋገር ስንጀምር ለአለቃ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም። ቀድመው ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ምን ላድርግ?

---

የማኅበር ሰው

ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ፈሪ ነሽ የሚልሽ ካለ ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው ነው። በብዙ አገር በመደራጀት ምክንያት ሠራተኛ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሕጉ ግን የሚከላከልልሽ ማስረጃ ሲኖርሽ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ከግቢው ውጪ ተገናኙ። በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ስልክ አንድ ቃል አትጻፉ። መጀመሪያ ከሁሉም ክፍል፣ ከሁለቱም ፈረቃ፣ ሰው የሚሰማቸውን አንድ አንድ ሰው አግኝታችሁ ተነጋገሩ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመሰብሰብ አትቸኩሉ። የተባለውን ነገር ሁሉ በቀኑ ጻፊው፣ ማን ምን አለ፣ መቼ፣ ማን ሰማ። ደብዳቤው ሲወጣ በአንድ ሰው ስም አይውጣ፣ ፊርማው ከላይ ወደ ታች አይደርደር፣ ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይታወቅ ዙሪያውን በክብ ፈርሙ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሙያችሁን የሠራተኛ ማኅበር ወይም ፌዴሬሽን አግኝተሽ የአገራችሁ ሕግ ምን ያህል ሰው እንደሚጠይቅ አጣሪ። ስንት እንደሆናችሁ ስታውቂ ተመልሰሽ ጻፊልኝ።